ፍላይ ፊሺንግ ሄደን ወንዝ ዳር «ታገቢኛለሽ?» አልኳት (ኮሎራዶ፣ ፍራይንግ ፓን)

ደንቨሬው

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ።

እዚህ ስለ ቀለበት ሲወራ የሚነሳው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ሬስቶራንት፣ አበባ፣ ሻማ፣ ስልክ ይዞ የተደበቀ ጓደኛ። እኔ በሌላ መንገድ ሄጄ ነበርና ታሪኩን ላካፍላችሁ። ለሚያስብበት ሰው ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ነሐሴ፣ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ፣ ከፍቅረኛዬ ጋር ባሳልት የምትባል ትንሽ የኮሎራዶ ከተማ ሄደን ዓሣ ስናጠምድ ሰነበትን። እዚያው ፍራይንግ ፓን ወንዝ ዳር ጠየቅኳት። እሺ ብላኛለች።

ዓሣ አጥማጇ እሷ ናት። ነርስ ናት፤ የሌሊት ፈረቃ ነው የምትሠራው። አንድ የሥራ ባልደረባዋ ወስዳ አሳየቻትና በዚያው ቀረች። እኔን ያስገባችኝም እሷ ናት። ወንዝ ውስጥ ስትቆም ሌላ ሰው ትሆናለች። ሆስፒታሉን ትረሳለች፣ ስልኳን መኪና ውስጥ ትተዋለች፣ ትከሻዋ ይወርዳል። ከሁሉም በላይ ራሷን የምትሆንበት ቦታ የት ነው ብዬ ሳስብ መልሱ ያ ሆነ።

ለማታውቁት፦ ፍላይ ፊሺንግ ትል ሰክቶ ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይደለም። ማጥመጃው («ፍላይ» የሚባለው) ላባና ክር ተጠቅልሎበት ነፍሳት እንዲመስል የተሠራ ትንሽ መንጠቆ ነው። ክብደት ስለሌለው ብቻውን አይወረወርም። የሚወረወረው ክሩ ነው። ስለዚህ ክሩ ወፍራምና ክብደት ያለው ነው፤ ዘንጉ ደግሞ ረጅምና ተጣጣፊ፣ ብዙ ጊዜ 9 ጫማ። ክሩን ወደ ኋላ ትልከዋለህ፤ ከኋላህ እስኪዘረጋ ትጠብቃለህ፤ ከዚያ ወደ ፊት። ያችን አፍታ ያልታገሠ ሰው ክሩ እግሩ ሥር ተጠቅልሎ ይወድቅበታል።

ለምን ፍራይንግ ፓን? ወንዙ ከሩዲ ግድብ ሥር ይወጣና ባሳልት ላይ ሮሪንግ ፎርክ ከሚባለው ወንዝ ጋር እስኪገናኝ ድረስ 14 ማይል ያህል ይሄዳል። ግድቡ ያለቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ውሃው የሚለቀቀው ከሐይቁ ታችኛው ክፍል ስለሆነ በሰመር ሙቀትም ቀዝቃዛ ነው። እዚህ የሚጠመደው ትራውት የሚባል ዓሣ ነው፤ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ አይሆንለትም። ውሃው ወደ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ያኔ አጥምደህ ብትለቀውም ሊሞት ይችላል። ሌሎች ወንዞች ላይ «ከቀትር በኋላ አታጥምዱ» የሚባለው ለዚህ ነው። እዚህ ግን ነሐሴ ላይም ቀኑን ሙሉ ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ነፍሳቱ ናቸው። ከሐምሌ ማብቂያ ጀምሮ ግሪን ድሬክ የሚባል ትልልቅ ክንፍ ያለው አረንጓዴማ ነፍሳት ከውሃው ይወጣል። ደመና በሆነ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንድ በአንድ ውሃው ላይ ብቅ ይላሉ። ክንፋቸው እስኪደርቅ ድረስ ይንሳፈፋሉ። በዚያች ጊዜ ትራውቶቹ ለመብላት ወደ ላይ ይወጣሉ። ዓይንህ እያየ ማለት ነው፤ አፉን፣ ጀርባውን ታያለህ።

ያን ቀን እንደዚያ ነበር። ትልቅ ድንጋይ ጀርባ አንድ ዓሣ በየጊዜው ብቅ ይል ነበር። እሷ ቀስ ብላ ከታች በኩል ቀረበች። ወረወረች፤ ራቀ። ጠበቀች፣ ዓሣው እንዳይደነግጥ። ደግማ ወረወረች። ፍላዩ ከድንጋዩ በላይ ወረደ፣ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ጠፋ። ዘንጉ ደጋን ሠራ።

ብራውን ትራውት ነበር። ሆዱ ቅቤ የመሰለ ቢጫ፣ ጎኑ ላይ ቀያይ ነጠብጣቦች፣ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ዙሪያውን ነጣ ያለ ክብ አለው። መጀመሪያ እጇን አረጠበች። መረቡን ከውሃው ሳታወጣ መንጠቆውን በመቆንጠጫ ነቀለችው። አፉን ወደ ውሃው መምጫ አዙራ ያዘችው። ጅራቱ ሲበረታ ለቀቀችው። ከዚያ ወደ ጠጠሩ ወጣች። ፊቷን ብታዩት!

«ዘንጉን አንዴ አስቀምጪው» አልኳት።

«ምነው? ሌላ አለ እኮ።»

«አስቀምጪው።»

አስቀመጠችው። ጠጠሩ ላይ ተንበረከክኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር አልነበረም። «ዕድሜዬን ካንቺ ጋር ብኖር ደስ ይለኛል፤ ታገቢኛለሽ?» አልኳት። ዝም አለች። ወንዙን አየች፣ እኔን አየች። «ተነስ መጀመሪያ፣ ጉልበትህ ይቆስላል» አለችኝ። ከዚያ «እሺ። አዎ።»

ለምን ሰው አልነበረም ትሉኝ ይሆናል። ሆን ብዬ ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ ካሜራ በተደቀነበት የምትጠየቅ ሴት «እምቢ» ማለት ብትፈልግ እንዴት ትላለች? «ጊዜ ስጠኝ» ማለት ብትፈልግስ? ጥያቄ የሚባለው ሁለቱም መልስ የሚቻል ሲሆን ነው። የሚያፍሩበት ሰው በሌለበት፣ የመኪናው ቁልፍ ኪሷ ውስጥ እያለ ነው የጠየቅኳት። እሺታዋን ሙሉ አድርጎ የሰጠኝ እሱ ነው።

ጥያቄ ካላችሁ እመልሳለሁ።

አውሮራ_ሃቫና

እልልልል! እንኳን ደስ ያላችሁ ወንድሜ! ያ የ«ተነስ ጉልበትህ ይቆስላል» ነገር ትክክለኛ የሀበሻ ሴት መልስ ነው። ተባረኩ።

ሀዋሳዊት

እንኳን ደስ አላችሁ! ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ያን የመሰለ ዓሣ ይዛ ለቀቀችው? እኔ ያደግኩት አሞራ ገደል አጠገብ ነው። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመጡ እዚያው ተበልቶ፣ ተጠብሶ፣ ሾርባው ተጠጥቶ ነው የሚያልቀው። ቆሮሶውም አምባዛውም። ይዞ መልቀቅ ለኔ አዲስ ነው። ምን ጥቅም አለው?

ደንቨሬው

ሀዋሳዊት አመሰግናለሁ። ጥያቄሽ ተገቢ ነው።

ፍራይንግ ፓን ኮሎራዶ ውስጥ «ጎልድ ሜዳል» ከሚባሉት ወንዞች አንዱ ነው። ይህን ስም ለማግኘት በአንድ ኤከር ውሃ ውስጥ ቢያንስ 60 ፓውንድ ትራውት መኖር አለበት፤ ቢያንስ 12 ዓሣ ደግሞ ርዝመታቸው 14 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ወንዙ ግን ጠባብ ነው፣ የሚመጣው ሰው ደግሞ ብዙ። እያንዳንዱ ሰው ትልቁን እየወሰደ ቢሄድ ወንዙ ቶሎ ባዶ ይሆናል። እንደ ሀዋሳ ሰፊ ሐይቅ አይደለም። ስለዚህ ፍላይና ሉር (ትንሽ ዓሣ የሚመስል ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ትል የለም። አብዛኛው ሰውም ይለቃል። ትል ሲሆን ዓሣው ብዙ ጊዜ ይውጠዋል፣ መንጠቆው ከሆድ በቀላሉ አይወጣም። ፍላይ ግን ብዙ ጊዜ የከንፈር ጫፍ ላይ ነው የሚይዘው።

እጅ የሚረጥበውም በምክንያት ነው። የዓሣ ቆዳ ላይ የሚያዳልጥ ነገር አለ፤ ከበሽታ የሚከላከልለት እሱ ነው። ደረቅ እጅ ያን ይገፈዋል። የመንጠቆውን እሾህ ደግሞ በፒንሳ ተጭነን እናጠፋዋለን፣ በቀላሉ እንዲወጣ።

ሐሳብ_አለኝ

ደስታችሁን ማደብዘዝ አልፈልግም፤ እንኳን ደስ ያላችሁ። ግን የመሰለኝን ልናገር። ለመብላት የያዝከው ዓሣ ይገባኛል። ለጨዋታ የያዝከው አይገባኝም። መንጠቆ አፉ ውስጥ ገብቶ፣ ታግሎ፣ ደክሞ፣ ከዚያ «ሂድ» ይባላል። እሾኩ ጠፋ አልጠፋ ለዓሣው ምን ለውጥ አለው? እኛ ዘንድ እንስሳ ሲታረድ እንኳን ስም ተጠርቶ፣ ለምግብ ተብሎ ነው።

ደንቨሬው

ወንድሜ፣ ያልከውን በቁም ነገር ነው የምወስደው። ዓሣው አይሰማውም ብዬ አልከራከርህም። እኔ የምለው ይህ ነው፦ እነዚህን ወንዞች የሚጠብቃቸው የሚያጠምዳቸው ሰው ነው። ውሃው ሲሞቅ የሚጮኸው፣ ግድቡ ውሃ ሲያሳንስ የሚሟገተው፣ በፈቃድ ክፍያው የመንግሥትን የዓሣ ጥበቃ የሚደግፈው እሱ ነው። ወንዙን የማያውቀው ሰው ወንዙ ቢደርቅም አያውቅም። ይህ ላንተ በቂ መልስ ላይሆን ይችላል። አከብርልሃለሁ።

እናት_ዲኤምቪ

ልጄ እንኳን ደስ ያላችሁ። እግዚአብሔር ፍጻሜውን ያሳምርላችሁ። ያነበብኩት ሁሉ ደስ ብሎኛል፤ ሰው በሌለበት መጠየቅህንም ወድጄዋለሁ።

ግን ልጠይቅህ። አባቷ ያውቃሉ? እናቷስ? በኛ ጊዜ ልጅቷ የምትጠየቀው በመጨረሻ ነበር፤ ያውም ከተጠየቀች። እኔም እንደዚያ ነው የተዳርኩት። ያ ይመለስ አልልም፤ አይመለስም። ነገር ግን ሽማግሌ መላክ ለወግ ብቻ የሚደረግ እንዳይመስልህ። ሽማግሌ ማለት ነገ ስትጋጩ በር አንኳኩቶ ገብቶ «ምን ሆናችሁ?» የሚል ሰው ማለት ነው። እዚህ አገር ሰው በሥራ ተወጥሯል፤ ባልና ሚስት ሲኮራረፉ የሚሰማ ጎረቤት እንኳን የለም። ወንዙ ቆንጆ ነው ልጄ፤ ወንዙ ግን አያስታርቃችሁም።

ደንቨሬው

እናቴ፣ ምክርዎን ከልብ አመሰግናለሁ። «ወንዙ አያስታርቃችሁም» ያሉትን ለእሷም አነበብኩላት።

ሽማግሌ ይላካል። ወላጆቿ ባሕር ዳር ናቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አንድ የቤተሰባችን ወዳጅ የሆኑ አባት፣ እንዲሁም እሷን ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቁ አንድ የሰፈር ሽማግሌ ከመስቀል በኋላ ይሄዳሉ። እኛ እዚህ ሆነን በስልክ እንጠብቃለን። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም፤ ቤተሰቡም ያኔውኑ እሺ አይልም፤ «እንመካከርና» ተብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ሁሉም በሥርዓቱ ይሆናል። እግዚአብሔር ከፈቀደ ሰርጉን ለጥር አስበናል፣ ከዐቢይ ጾም በፊት።

አስቀድሜ እሷን የጠየቅኩት ግን ቅደም ተከተሉ እንደዚያ መሆን አለበት ብዬ ስለማምን ነው። ሽማግሌ ሄዶ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲል፣ ልጅቷ ገና ያልወሰነች ከሆነ እሷንም ቤተሰቧንም ጭንቅ ውስጥ ይከታል። የእሷን ልብ እኔ ልስማ፤ የቤተሰቡን ልብ ደግሞ ትልልቆቹ ይስሙ።

እናት_ዲኤምቪ

እንግዲህ እንደዚህ ከሆነ ምን እላለሁ፣ ተባረክ። ጥር ጥሩ ነው። እሷንም ሳምልኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እናታችን ያነሱት ላይ ልጨምር። እባካችሁ ፎቶ! ቀለበት ያሰራችሁ ቀን ፎቶውን አትልቀቁ። እኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ታናሽ እህቴ ካሊፎርኒያ ውስጥ ውቅያኖስ ዳርቻ ላይ ተጠየቀች፤ ደስ ብሏት ወዲያው ለጠፈችው። አባታችን ከሰው ሰማ። አንድ የሰፈር ሰው «እንኳን ደስ አለህ» ብሎት፣ እሱ ለምን እንደሆነ አያውቅም። ቁጣ አልነበረም፤ ዝም ነው ያለው። ሽማግሌ ሲመጣም ያ ዝምታው አልለቀቀውም። በኋላ ታርቀዋል፣ ልጅ ወልደዋል፣ አሁን ሰላም ነው። ቢሆንም ያን ያህል ማዘኑ አያስፈልግም ነበር። ሽማግሌው ይሂድ፣ ከዚያ ወንዙንም ቀለበቱንም አሳዩን።

ደንቨሬው

እህቴ፣ ልክ ነሽ። ፎቶ አለን፣ ግን እስካሁን ያየው የለም። ለዚህም ነው እዚህ ስም ሳልጠቅስ የጻፍኩት።

የባሌው

ይህ ውይይት ደስ አለኝ። አገር ቤት ያላችሁ ወይም ለሰርግ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ትራውት ለማጥመድ ኮሎራዶ ድረስ መሄድ የለባችሁም። ባሌ አለ።

ብዙ ሰው አያውቅም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ከኬንያ የመጣ ትራውት ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተጨምሮ እስካሁን እየተራባ ይኖራል። ብራውኑም ሬይንቦውም አለ። ታዋቂው ዳንካ ወንዝ ነው። ወይብ ወንዝም አለ፤ ያው ወደ ታች ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው። የብሔራዊ ፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ላይ ነው፤ ፈቃድና አስጎብኚ እዚያ ጠይቁ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል።

ጊዜው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ክረምት ላይ ወንዙ ደፍርሶ ይሞላል። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጋቢም ጃኬትም ያዙ። ዲንሾ ራሱ 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ወደ ሳነቲ ስትወጡ ደግሞ 4,000 ሜትር። ጠዋት ስትነሱ ሣሩ በአመዳይ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ዕድለኛ ከሆናችሁ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን ታያላችሁ። የመንገዱን ሁኔታ ግን ከመሄዳችሁ በፊት እዚያ ያለ ሰው ጠይቁ።

እዚያ ወንዝ ዳር ለጋብቻ የተጠየቀች ሴት ብትኖር ደስ ይለኛል። ቦታው ይመጥናል።

ደንቨሬው

የባሌው፣ ይህን ስለጻፍክ እጅግ አመሰግናለሁ። ከሰርጉ በኋላ አገር ቤት ስንሆን የመጀመሪያ ጉዟችን ይህ እንዲሆን ተነጋግረናል። ጥርም በወቅቱ ውስጥ ነው። ለከፍታው እንኳን ልምድ አለን። ባሳልት 2,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከአዲስ አበባ ያንሳል። ስንመለስ ግን ኢንዲፔንደንስ ፓስ በሚባለው የተራራ መንገድ ነው የመጣነው፤ እሱ 3,687 ሜትር ነው። (መንገዱ በረዶ በሚጥልበት ወቅት ይዘጋል።)

ያልተናገረ

ሰላም። ሲያትል ነው የምኖረው። ፍቅረኛዬ ዓሣ ማጥመድ አትችልም፣ እኔም ገና ጀማሪ ነኝ፤ ግን ሁለታችንም ወንዝ እንወዳለን። ያኪማ ወንዝ ላይ አስጎብኚ ቀጥሬ በጀልባ ወርደን ጀልባው ላይ ልጠይቃት አስቤያለሁ። ቀለበቱን ፍላዩ ላይ አስሬ ብሰጣት ጥሩ ነው? ምክር ስጡኝ።

ደንቨሬው

ወንድሜ፣ ልብህ ጥሩ ነው። ግን ቀለበቱን ክር ላይ አትሰረው። ከፍላዩ ጋር የሚታሰረው የክር ጫፍ ፀጉር የሚያክል ነው። ቋጠሮው ቢፈታ ወይም ዘንጉ አንድ ጊዜ ቢወዘወዝ ቀለበቱን ወንዙ ይወስደዋል። የፍላይ ሣጥን ውስጥም አትደብቀው። ሣጥኑ በየደቂቃው ይከፈታል፣ ነፋስም አለ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። ቀለበቱን ከትልቁ ሣጥን አውጥቼ በትንሽ ከረጢት አድርጌ፣ በሸሚዜ የደረት ኪስ፣ ዚፕ ዘግቼ፣ ከላዩ ዌደሩን (እስከ ደረት የሚደርሰውን ውሃ የማያስገባ ሱሪ) ለብሼ ነው የዋልኩት። ውሃ ውስጥ ሆኜ አላወጣሁትም። ጠጠሩ ላይ፣ ከውሃው ራቅ ብለን ነው ያወጣሁት። ደግሞ አንድ ማንም የማይነግርህ ነገር አለ፦ የእሷ እጅ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ውሏል። ጣት ሲቀዘቅዝ ይቀጥናል። ቤት ውስጥ ልክ የሆነው ቀለበት እዚያ ይላላል። እኛ ጣቷ ላይ አድርገን አየነው፣ ዞረ፤ ወዲያው ወደ ኪሴ መለስኩት። መኪናው ውስጥ ማሞቂያው ተከፍቶ እጇ ሲሞቅ ነው በደንብ ያደረገችው። እስከዚያ በየመሀሉ «አለ?» እያለች ኪሴን ትነካ ነበር።

ጀልባው ላይ ስለመጠየቅ፦ እኔ ብሆን አልጠይቅም። ጀልባው ላይ ሦስት ሰው ናችሁ። አስጎብኚው ከእናንተ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። «አስቤ ልንገርህ» ማለት ብትፈልግ ገና ብዙ ሰዓት አብራችሁ ትወርዳላችሁ፤ መሄጃ የላትም። አስጎብኚውን አስቀድመህ ደውለህ ንገረው። ምሳ ላይ ሰፊ ጠጠር ያለበት ዳርቻ ላይ እንዲያቆም፣ እሱ ጀልባው ጋ እንዲቆይ፣ እናንተ ትንሽ እንድትራመዱ። እኔም የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን አስጎብኚ ቀጥሬ ነበር። በስልክ የጠየቅኩት ስለ ዓሣ አይደለም፤ መንበርከክ የሚቻልበት ደልዳላ ቦታ የት አለ ብዬ ነው። አሳየኝ። በማግሥቱ ሁለታችን ብቻ ሄድን።

ደግሞ እሷ አጥማጅ ካልሆነች ቀኑን ሙሉ እንድትወረውር አታስገድዳት። ግማሽ ቀን ይበቃል። የተራበች፣ የበረዳት፣ ክር የተጠላለፈባት ሴት ስለ ጋብቻ መስማት አትፈልግም።

ኤለንስበርግ

ያኪማ ላይ ልጨምር፣ እኔ እዚሁ ነኝ። በሰመር ወንዙ ሙሉ ነው፤ ለእርሻ መስኖ ውሃ ስለሚለቀቅ። ነሐሴ ላይ ብትመጣ በጀልባ እንጂ በእግር መግባት ከባድ ነው፣ ዳርቻውም አብዛኛው በውሃ ተሸፍኖ ነው የምታገኘው። መስከረም ሲጀምር ከላይ ያሉትን ግድቦች ይቀንሱታል፤ ወንዙ በጥቂት ቀናት ይወርዳል፣ ጠጠሩ ይወጣል። ስለዚህ አንተ የምትፈልገው ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያለውን ጊዜ ነው። ወንዙ የሚያልፍበት ካንየን (ገደላማ ሸለቆ) ውስጥ ትራውት ይዞ መሄድ አይቻልም፣ ሁሉም ይለቀቃል። ከሲያትል 2 ሰዓት ቢፈጅብህ ነው።

ያልተናገረ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቀለበቱን ክር ላይ የማሰሩን ሐሳብ ትቼዋለሁ። ለአስጎብኚው ዛሬ እደውላለሁ።

የጣና_ልጅ

ሰላም፣ እኔ «እሷ» ነኝ። ውይይቱን ስታነቡት አየሁና እኔም ልጻፍ።

ሐሳብ_አለኝ ላነሱት ነገር፦ እኔም አስቤበታለሁ፣ አሁንም አስባለሁ። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ጠዋት ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ በደንገል ታንኳ ሲመለሱ አባቴ እጄን ይዞ ይወስደኝ ነበር። ለኛ ዓሣ ምግብ ነው። እዚህ መጥቼ ይዞ መልቀቅን ስለምድ ቀላል አልነበረም። እኔ ያወጣሁት ሕግ ይህ ነው፦ ውሃው ከሞቀ አላጠምድም። ዓሣውን ለፎቶ ብዬ ከውሃ አላወጣም። ደህና ሁለት ሦስት ከያዝኩ ይበቃኛል፣ ዘንጉን አስቀምጬ እቀመጣለሁ። እርስዎ «አሁንም ትክክል አይደለም» ቢሉኝ አልቀየምም።

ስለ ጥያቄው። እኔ እንደሚጠይቀኝ እጠረጥር ነበር፤ መቼ እንደሆነ ግን አላወቅኩም። ሬስቶራንት ቢወስደኝ ኖሮ ከበር ላይ ነበር የማውቀው፤ ከዚያ እራቱን በሙሉ «አሁን ነው? አሁን ነው?» እያልኩ ነበር የምበላው። ወንዙ ላይ ግን ረስቼው ነበር። ዝም ያልኩት ለማሰብ አይደለም። መልሱ ነበረኝ። ዝም ያልኩት ማንም እያየኝ እንዳልሆነ ስለገባኝ ነው። ፊቴን ማስተካከል አልነበረብኝም። ሥራዬ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ፊቴን አስተካክዬ ነው የማድረው። ታማሚ ፊት፣ ቤተሰብ ፊት። እዚያ ግን እንደመጣልኝ ሆንኩ። አለቀስኩም፣ እሱን አልጻፈላችሁም።

እናት_ዲኤምቪ፣ እናቴ የነገረችኝን ነው የነገሩን። አባቴ ሽማግሌዎቹ እንደሚመጡ በእናቴ በኩል ፍንጭ ደርሶታል፤ ቤቱን ቀለም እያስቀባ ነው አሉ። እንደማያውቅ ሆኖ ነው የሚጠብቃቸው። ልጁ ዓሣ እንደሚያጠምድም ሰምቷል። «ለመሆኑ ይይዛል?» ብሎ ጠይቋል።

እናት_ዲኤምቪ

ቀለም እያስቀቡ ከሆነማ አለቀ! የኔ ልጅ፣ አልቅሰሽ ከሆነ ደግ አደረግሽ። ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ ጻፉልን፣ እንዳትረሱን።

ሀዋሳዊት

የጣና ልጅ፣ ያንቺን ሕግ ወደድኩት። ለሰርጉ ሀዋሳ ካለፋችሁ ዓሣው በኔ ነው፤ እሱን ግን አንለቅም!

አውሮራ_ሃቫና

እኔና ባለቤቴ በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ልንሞክር ነው፣ ለአንድ ቀን። ፈቃዱን ከየት ነው የምንገዛው? አንድ ለሁለታችን ይበቃል? የ14 ዓመት ልጃችንስ?

ደንቨሬው

ከኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ ድረ ገጽ ወይም ዓሣ ማጥመጃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ለየብቻ ነው የሚገዛው፤ አንዱ ለሁለት አይሆንም። የአንድ ቀን ፈቃድ አለ፣ ቀን መጨመርም ይቻላል። የዓመቱን ከገዛችሁ ከማርች 1 እስከ ቀጣዩ ዓመት ማርች 31 ይሠራል፣ 13 ወር ማለት ነው። ፈቃድ የሚጠየቀው 16 ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ ልጃችሁ አያስፈልገውም። ዌደር ከሱቁ ይከራያል። ወገብ ላይ የሚታሰረውን ቀበቶ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ብትወድቁ ውሃ እንዳይሞላባችሁ የሚከለክለው እሱ ነው። ግድቡ የሚለቀው ውሃም ሊቀያየር ስለሚችል ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት መጠኑን ድረ ገጽ ላይ እዩ።